ሦስቱ የጠፉ ጠጠሮች



በዚህ ዓመት በወላጆች ቀን የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሼክ ኑር በሚገኘው ግቢያችን ወንበር ደርድረን፣ ቡና አፍልተን፣ ልጆቻችሁ የሠሩትን ልናሳያችሁ ጠርተናችሁ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ ሁለት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ አንዲት ልጅና አንድ ልጅ፣ በኮምፒዩተር የሠሩት የገበጣ ጨዋታ ነው። 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር። አንድ አባት የመጀመሪያው ተጫዋች እንዲሆኑ ተጋበዙ። አንዱን ጉድጓድ ነኩ፤ አራቱ ጠጠሮች ተነሡ፤ አንዱ በሚቀጥለው ጉድጓድ ወደቀ፤ ሦስቱ ግን ጠፉ።

አባትየው መነጽራቸውን አስተካክለው "ሦስቱን ማን ወሰዳቸው?" ሲሉ ቤቱ ሳቀ። ከኋላ አንድ ሰው "ኬላ ላይ ተቀርጠው ይሆናል" አለና ሳቁ እጥፍ ሆነ። እኛም ሳቅን። ያልሳቁት ሁለቱ ልጆች ብቻ ነበሩ። ልጅቷ ልጁን አየችው፤ እሱም እሷን አያት። "በእኔ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ ነበር" አለች። "በእኔም ይሠራ ነበር" አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሁለቱም ግን በዚያን ቀን አንዱ ሌላውን ዋሽቶኛል ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በሳምንቱ የወላጅ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የቅዳሜው የኮምፒዩተር ክበብ ይቅር፣ ሰዓቱ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ዝግጅት ይዋል የሚል ሐሳብ ቀረበ። "ልጆቹ ጌም ሲጫወቱ ነው የሚውሉት፤ የሠሩትም አይሠራም" ተባለ። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ወደዚያው አዘንብለን ነበር። የተመረቅነው በትምህርት እንጂ በኮምፒዩተር አይደለም፤ ያልገባንን ነገር መዝጋት ደግሞ ይቀላል። ከመዝጋታችን በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ከሁለቱ ልጆችና ከኮምፒዩተር መምህሩ ጋር ተቀመጥን። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቅዳሜና ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ቅዳሜዎች የተማርነው ነው። አቋማችንንም ከወዲሁ እንናገር፦ ክበቡ መቀጠል አለበት፤ ነገር ግን እስካሁን በሄደበት መንገድ አይደለም። ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የእኛ የአስተማሪዎቹ ነበርና።

ልጆቹ ጨዋታውን የጻፉት ሉዋ በሚባል ቋንቋ ነው። "ላቭ" የሚባል በነፃ የሚገኝ የጨዋታ መሥሪያ አለ፤ ትእዛዝ የሚቀበለው በሉዋ ነው። ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ የምትጫወቱት ሮብሎክስም የሚጠቀመው ከሉዋ የወጣ ቋንቋ ነው። ሉዋ በፖርቱጋልኛ "ጨረቃ" ማለት ነው። ቋንቋውን እ.ኤ.አ. በ1993 በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የፈጠሩት ሮቤርቶ ዬሩሳሊምስኪ፣ ሉዊስ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶ እና ቫልዴማር ሴሌስ የተባሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ከእሱ በፊት የሠሩት አንዱ ቋንቋ "ሶል" ይባል ነበር፤ ፀሐይ ማለት ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 የውጭ ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር በቀላሉ እንዳይገባ አጥብቃ ትከላከል ስለነበር፣ ባለሙያዎቿ የጎደላቸውን ራሳቸው መሥራት ለምደው ነበር። ይህን የምናነሣው ያገለገለ ኮምፒዩተር ለሦስት ለሚካፈሉ ልጆቻችን ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ጨዋታ የሚጻፍበት ቋንቋ የተወለደው ሁሉ ነገር ከሞላበት ቦታ አይደለም።

አሁን ወደ ጠፉት ጠጠሮች እንመለስ።

በኮምፒዩተር ትእዛዝ ውስጥ፣ እንደ ሒሳብ ክፍለ ጊዜው፣ ዋጋ የሚይዝ ስም ተለዋዋጭ ይባላል። ልጅቷ የጻፈችው ጠጠር የሚያድለውን ክፍል ነው። በእጅ ስንት ጠጠር እንዳለ ለማስታወስ "ቁጥር" የሚል ስም አወጣች፤ አራት ካነሣች "ቁጥር" አራት ነው፤ አንድ በጣለች ቁጥር አንድ ይቀነሳል፤ ዜሮ ሲሆን እደላው ያበቃል። ልጁ የጻፈው ደግሞ ተጫዋቹ የበላውን ጠጠር የሚደምረውን ክፍል ነው። እሱም ለድምሩ "ቁጥር" የሚል ስም አወጣ፤ ከዜሮ ይጀምርና የተበላውን እየጨመረ ይሄዳል። ለየብቻ ሲሞከሩ ሁለቱም ያለ እንከን ይሠሩ ነበር። ሲገናኙ ግን አንድ ጠጠር በወደቀ ቁጥር ነጥቡ በሰሌዳው ላይ እንዲታደስ የልጅቷ ክፍል የልጁን ክፍል ይጠራል። የልጁ ክፍል "ቁጥር"ን ዜሮ ያደርጋል፤ ገና ምንም አልተበላምና ዜሮ እንዳለ ይመለሳል። የልጅቷ ክፍል እጁን ሲያይ ዜሮ። ሦስት ጠጠር እንደያዘ አያውቅም። ስለዚህ እደላውን አቆመ፤ ሦስቱም ጠፉ።

ይህ የሆነው በሉዋ ሕግ ምክንያት ነው። በሉዋ አንድ ስም "ሎካል" ተብሎ ካልታወጀ በስተቀር ግሎባል ነው፤ ማለትም የትም ቦታ ቢጻፍ ለሁሉም የጋራ ነው። ሁለቱ ልጆች ሁለት "ቁጥር" ያላቸው መስሏቸው ነበር። ማሽኑ ዘንድ ግን አንድ "ቁጥር" ብቻ ነበር።

ነገሩን በእኛው ግቢ እንመልከተው። በየክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ በግቢው በር ላይ ደግሞ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። የአምስተኛ ክፍል መምህር በክፍላቸው ሰሌዳ ላይ "ዛሬ የቀሩ 3" ብለው ቢጽፉ፣ የሰባተኛ ክፍል መምህርትም በክፍላቸው "ዛሬ የቀሩ 0" ብለው ቢጽፉ፣ ማንም ከማንም አይጋጭም። ሁለቱም በር ላይ ባለው ሰሌዳ፣ በአንዱ መስመር ላይ ቢጽፉ ግን ኋላ የመጣው የፊተኛውን ያጠፋል። የአምስተኛ ክፍሉ መምህር ተመልሰው ሲያነቡ ሦስት የነበረው ዜሮ ሆኖ ያገኙታል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልሰረቀም። ሎካል ማለት "ይህን የምጽፈው በዚህ ክፍል ሰሌዳ ላይ ነው" ማለት ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ሰሌዳው ይጠረጋል፤ የጎረቤት ክፍልም አያነበውም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የቃሉን ትርጉም ልጆቹን ጠየቅናቸው። ልጁ "ሎካል ማለት ኦሪጅናል ያልሆነ፣ የአገር ውስጥ ዕቃ" አለ። በገበያ የሰማውን ነው የመለሰው። ልጅቷ "መጽሐፉ ላይ አለ፤ ግን ለምን እንዳለ አላውቅም" አለች። መምህሩም በሐቀኝነት "ጻፉት አልኳቸው እንጂ ለምን እንደሚጻፍ ጊዜ ወስጄ አላስረዳኋቸውም" አለ። እኛ ደግሞ ስለ ሥርዓተ ትምህርት ስንት ጊዜ ስንናገር ኖረን፣ ይህን ጥያቄ ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ብዙዎቹ ልጆች የጀመሩት በስክራች ነው። ስክራች አዲስ ተለዋዋጭ ስትፈጥሩ "ለሁሉም ነው ወይስ ለዚህ ገጸ ባሕርይ ብቻ?" ብሎ ይጠይቃችኋል። ፓይተን የተማራችሁም ካላችሁ፣ በፋንክሽን ውስጥ ዋጋ የሰጣችሁት ስም ሳትናገሩ የዚያ ፋንክሽን ብቻ ይሆናል። ሉዋ ግን አይጠይቅም፤ ዝም ካላችሁ የጋራ ያደርገዋል። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ቃላቱ ብቻ ሳይሆኑ ልማዱም እንደሚለወጥ፣ ቤት አማርኛ፣ መንገድ ላይ ሶማልኛ፣ መጽሐፍ ላይ እንግሊዝኛ ለሚናገሩት ልጆቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። እነሱ ከማንም በላይ ያውቁታል። ያልነገርናቸው፣ ኮምፒዩተሩም ዘንድ ይኸው እንደሆነ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በዚህ አበቃ። ልጆቹ "ገባን" ብለው ሄዱ። መምህሩም በሰሌዳው ላይ በትልቁ "ከስም በፊት ሁልጊዜ ሎካል ይጻፍ" ብሎ ጻፈ። እኛም ችግሩ ተፈታ ብለን ወደ ቢሯችን ተመለስን።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጨዋታው ከበፊቱ ብሶ ጠበቀን። አሁን ጠጠር አይጠፋም፤ አንዱን ጉድጓድ ሲነኩት መስኮቱ ደርቆ ይቀራል። ልጅቷ የተባለችውን ፈጽማ ነበር፤ "ቁጥር" በሚል ስም ፊት ሁሉ ሎካል ጽፋለች። በማሽኑ ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን እዚህ በፊደላችን ብናስቀምጠው፣ ከእደላው መጀመሪያ እንዲህ ይላል፦

ሎካል ቁጥር = 4

ይህ ትክክል ነው። ዝቅ ብሎ፣ "ቁጥር ከዜሮ እስከበለጠ ድረስ ደጋግም" በሚለው ሉፕ ውስጥ ግን እንዲህ ተጽፏል፦

ሎካል ቁጥር = ቁጥር - 1

ስሕተቱ ያለው እዚህ ነው። በሉዋ ሎካል በተባለ ቁጥር አዲስ ተለዋዋጭ ይወለዳል፤ ስሙ አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ። በሉፑ ውስጥ ያለው "ቁጥር" ከውጪው "ቁጥር" ላይ አንድ ቀንሶ ሦስት ሆኖ ይወለዳል፤ ዙሩ ሲያበቃ ይሞታል። የውጪው "ቁጥር" ግን ምንም አልተነካም፤ እንደ ቀድሞው አራት ነው። ማሽኑ ተመልሶ "ከዜሮ ይበልጣል?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አዎን ነው፤ በሚቀጥለውም ዙር አዎን፤ ለዘለዓለም አዎን። ጠጠሩ ያለ ማቋረጥ ይታደላል፤ መስኮቱም ደርቆ ይቀራል። በሉፑ ውስጥ መጻፍ የነበረበት ያለ ሎካል "ቁጥር = ቁጥር - 1" ብቻ ነው። ሎካል ስምን ማወጃ ነው፤ የታወጀውን ለመለወጥ ዳግመኛ አይታወጅም። አንድ ልጅ መስከረም ላይ ይመዘገባል፤ ውጤቱ በተለወጠ ቁጥር እንደገና አይመዘገብም።

ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ግን "ቲቸር፣ ያላችሁኝን ነው የጻፍኩት" አለች። ይህ ንግግር ከጠፉት ጠጠሮች ይልቅ አሳፈረን። እውነቷን ነበርና። በመጀመሪያ ቃሉን ሳናስረዳት ተሳሳተች፤ ቀጥሎ ቃሉን እንደ ድግምት ሰጥተናት ተሳሳተች። አባቶቻችን "አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" ያሉት ይህንኑ ነው። እኛ አለባብሰን አርሰን፣ በአረሙ እሷን ወቀስናት።

በዚያው ቀን አንድ ታናሽ ልጅም የራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ። ከላይ የሚወርድ ብርቱካን በቅርጫት የሚያዝበት ጨዋታ ሠርቷል። "ነጥብ"ን ሎካል አድርጎ ያወጀው ጨዋታው በየቅጽበቱ በሚታደስበት ፋንክሽን ውስጥ ነው። በተለመደው ስክሪን ይህ ፋንክሽን በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይጠራል። ስለዚህ "ነጥብ" በሰከንድ 60 ጊዜ ከዜሮ ይወለዳል፣ 60 ጊዜም ይሞታል። ነጥቡን በስክሪኑ ላይ የሚጽፈው ሌላው ፋንክሽን ደግሞ ከናካቴው አያየውም፤ የሌላ ክፍል ሰሌዳ ነው። ፈልጎ "ኒል" አገኘ፤ ኒል በሉዋ "ምንም የለም" ማለት ነው። "ነጥብ" የሚለውን ቃል ከምንም ጋር ሊያያይዝ ሲሞክር ጨዋታው ቆመ።

መፍትሔው ሎካልን ማጥፋት አይደለም፤ ቦታውን ማወቅ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ መኖር ያለበት ነገር በፋይሉ አናት ላይ፣ ከፋንክሽኖቹ ሁሉ በላይ ሎካል ተብሎ ይታወጃል። ያን ጊዜ ከሥሩ ያሉት ፋንክሽኖች ሁሉ ያዩታል፤ የሌላ ፋይል ግን አያየውም። ከሥሩ ያልንበት ምክንያት አለ፤ ሎካል የሆነ ስም የሚታወቀው ከታወጀበት መስመር በኋላ ነው። ኅዳር ላይ የገባ ተማሪ በመስከረም የስም መጥሪያ ላይ አይገኝም። በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ብቻ የሚያስፈልገው በዚያ ፋንክሽን መጀመሪያ ላይ ይታወጃል። ለአንድ ዙር ብቻ የሚያስፈልገው ደግሞ በሉፑ ውስጥ ይታወጃል፤ ክፍሉን የሚዘጋው "ኤንድ" ሲመጣ ስሙ ያልፋል። ለስምንተኛ ክፍሎች አንድ እንጨምር፦ በውስጥ ያለ ሌላ ፋንክሽን ያንን ስም ይዞት ከሆነ ዋጋው ከፋንክሽኑ ጋር አብሮ ይኖራል። እዚያ ስትደርሱ ትደሰታላችሁ።

ሎካል ማሽኑንም ይጠቅመዋል። ሉዋ ግሎባልን ስም እየጠራ ከአንድ ትልቅ መዝገብ ውስጥ ይፈልገዋል፤ ሎካልን ግን በቅርቡ፣ በእጁ ላይ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ይፈጥናል። ለገበጣ ግን ፍጥነቱ ጉዳያችን አይደለም። ትልቁ ጥቅም ለሰው ነው። አንድ ልጅ ፋንክሽኑን ሲያነብ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው ከፊቱ ካለ፣ ስሕተቱን የሚፈልገው በ20 መስመር ውስጥ ነው እንጂ በሁለት ሰው ሥራ ሁሉ ውስጥ አይደለም። ጓደኛውንም ሳይጠረጥር ይሠራል።

በሦስተኛው ቅዳሜ መምህሩ በሰሌዳው ላይ የጻፈውን ሕግ አጠፋውና በቦታው ሦስት ጥያቄ ጻፈ። ይህ ስም የት ታወጀ? እስከ የት ይታያል? መቼ ያበቃል? ሁለቱ ልጆች እያንዳንዱን ስም በእነዚህ ጥያቄዎች አሳለፉት። ማሽኑን ሳይነኩ፣ በወረቀት ላይ፣ በአማርኛ። ልጁ የራሱን ድምር ሎካል አደረገ፤ ልጅቷ ከሉፑ ውስጥ ትርፉን ሎካል አነሣች። በመንገዳቸውም ሌላ ነገር አገኙ፤ አንድ ቦታ "ቁጥር" ለማለት "ቁጠር" ተጽፎ ነበር። ሉዋ የማያውቀውን ስም ስትጠሩት አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ኒል ይላል። አዲስ ስም ስትሰጡትም ዝም ብሎ ግሎባል አድርጎ ይመዘግባል። ዝም የሚል ማሽን ካለ፣ የሚጠይቅ ተማሪ ያስፈልጋል። ጨዋታውን ከማስነሣታቸው በፊት ልጅቷ ያለችውን አንረሳውም፦ "አሁን ባይሠራም የት እንደምፈልገው አውቃለሁ።" ጨዋታው ሠራ። ለእኛ ግን ትልቁ ነገር የልጅቷ ንግግር ነበር።

ከዚህ ተነሥተን የምንለውን እንናገር።

በመጀመሪያ ለወላጆች። ሰዓቱ ለፈተና ዝግጅት ይዋል ያላችሁት ከክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። ብዙዎቻችሁ ለልጆቻችሁ ስትሉ ነው ድንበር ተሻግራችሁ ሐርጌሳ ላይ በሱቅ፣ በግንባታ፣ በምግብ ቤት የምትደክሙት። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀልድ አይደለም፤ የቅዳሜዋ አንድ ሰዓትም ዋጋ አላት። ግን እነዚህን ልጆች በፈተና የሚጥላቸው ምን እንደሆነ ከመምህራኑ ጋር ተነጋግረንበታል። ቀመሩን አጥተውት አይደለም። በቀመሩ ውስጥ ያለው ፊደል ምን እንደሚወክል፣ በዚህ ጥያቄ ያለው "ሀ" በዚያኛው ጥያቄ ካለው "ሀ" ጋር አንድ እንዳልሆነ ስለማያስተውሉ ነው። የገበጣው "ቁጥር" ያስተማራቸው ይህንኑ ነው። ያውም ተሳስተው፣ ተሳቀባቸውና፣ ራሳቸው አርመውት። እንዲህ ያለ ትምህርት አይረሳም።

አንዳንዶቻችሁ "ጌም ሥራ አይሆንም" ትላላችሁ። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት "ኩኩሉ" እና "ገበጣ" የተባሉ የስልክ ጨዋታዎች ሠርቶ ለገበያ አቅርቧል፤ የእኛው አገር ወጣቶች፣ የእኛው አገር ጨዋታ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆና የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ጀምራለች። ሁሉም ልጅ ኮደር ይሁን አንልም። ነገር ግን በሩ ሲከፈት የእኛዎቹ ከውጪ ሆነው እንዲያዩ አንፈልግም። ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ ማታ ልጃችሁን "ጨረስክ ወይ?" አትበሉት። "አንዷን መስመር በአማርኛ አስረዳኝ" በሉት። ባይገባችሁም ግድ የለም፤ እሱ ሲያስረዳ ይገባዋል።

ቀጥሎ ለባልደረቦቻችን፣ ከእነሱም ጋር ለራሳችን። የገለበጠ ልጅና የገባው ልጅ ደብተራቸው አንድ ይመስላል፤ ለዚህ ነው መገልበጥን ስንሸልም የኖርነው። ይህ በኮምፒዩተር ክበብ ብቻ የቆመ አይደለም። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ዓመተ ምሕረት የሚያስቆጥር፣ በሳይንስ ትርጓሜ የሚያስሸመድድ ሁሉ "ከስም በፊት ሁልጊዜ ሎካል ይጻፍ" ብሎ በሰሌዳ ላይ እንደጻፈው ነው። ሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ያልተነገረው ሕግ ግን ልጁን አንድ ቀን ያደርቀዋል፤ ያን ጊዜም "ያላችሁኝን ነው የጻፍኩት" ሲለን መልስ አይኖረንም። በእንግሊዝኛ የተጻፈን ቃል በአማርኛ ማስረዳትም ነውር አይደለም። ልጁ "የአገር ውስጥ ዕቃ" እያለ ሲያስብ የኖረው፣ ማንም በሚያውቀው ቋንቋ "የዚህ ክፍል ብቻ" ብሎ ስላልነገረው ነው።

በመጨረሻም ለእናንተ ለልጆቻችን። ከሌላ ሰው ኮድ መውሰድ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሁሉም በዚያ ይጀምራል። ያልገባችሁን መስመር በሥራችሁ ውስጥ መተው ግን፣ የማታውቁትን እንግዳ ቤት አስገብቶ በሩን ሳይዘጉ እንደመተኛት ነው። ከጓደኛችሁ ጋር ስትሠሩ ደግሞ ሥራው ሲበላሽ መጀመሪያ ጓደኛችሁን አትጠርጥሩ። የጋራ የሆነውን ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁለታችሁም ሳታውቁ በጋራ በጻፋችሁበት ሰሌዳ ላይ ነው። የጋራ መሆን ያለበት ነገር አለ፤ እንደ 48ቱ ጠጠሮች። የራስ መሆን ያለበትም አለ፤ በእጅ እንደተያዘው። ለይታችሁ አውጁት።

ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ክበቡ በሦስት ነገር ይለወጣል። ጊዜው በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችም ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ያንን ሰዓት ለፈተና ዝግጅት ይወስዱታል። ይህን ለወላጆች ኮሚቴ ቃል ገብተናል። ሁለተኛ፣ ማንም ተማሪ ሥራውን ከማሳየቱ በፊት መምህሩ የመረጠለትን አንድ ስም በሦስቱ ጥያቄዎች ያስረዳል፤ ነጥቡም የሚሰጠው ለዚያ ነው። ጨዋታው ተበላሽቶ ምክንያቱን የሚያስረዳ ልጅ፣ ጨዋታው ሠርቶ ምክንያቱን ከማያውቅ ልጅ የበለጠ ነጥብ ያገኛል። ሦስተኛ፣ ሁለት ሆነው የሚሠሩ ልጆች ኮዳቸውን ከማገናኘታቸው በፊት ተቀያይረው ያነባሉ። አንዱ የሌላውን ሥራ ለመምህሩ ያስረዳል።

ሁለቱ ልጆች አሁን ሌላ ጨዋታ ጀምረዋል። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች የሚጫወቱትን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በ12 ጠጠር የሚጫወተውን ሻሕ ነው የመረጡት። ልጁ ሕጉን ከሠፈር ሽማግሌዎች ሊጠይቅ ሄዷል፤ ልጅቷ ደግሞ የትኛው ስም የት እንደሚታወጅ በወረቀት እያወጣች ነው። ኮምፒዩተሩን ገና አልከፈቱትም።

ገበጣው በቤተ መጻሕፍታችን መስኮት አጠገብ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ተጭኗል። በወላጆች ቀን ሦስት ጠጠር የጠፋባቸው አባት ባለፈው ሳምንት መጥተው ተጫውተውበታል። ከመነሣታቸው በፊትም በጣታቸው ስክሪኑን እየነኩ፣ በየጉድጓዱ ያለውንና የተበላውን ቆጠሩት። 48 ሞላ።